ከእማዬ ወንበር ሥር

ካርሜላ ዕድሜዋን ሙሉ ከቆሻሻ ጋር እንደተጣላች የኖረች ሴት ናት። ኦስቲያ ያለውን ቤቷን ያየ ሰው፣ የባሕሩ አሸዋ ራሱ ደጇ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ የሚመለስ ይመስለዋል። ለእንዲህ ያለችው ሴት ነው እንግዲህ ፈጣሪ፣ ያለ የሌለ ጥበቡን ቆሻሻ ወለል ለመሥራት የሚያፈስ ወንድም የሰጣት።

ወንድሟ ጂኖ ሞዛይክ ሠሪ ነው። ባለቀለም ድንጋይ በመዶሻ እየፈለጠ፣ በወረንጦ እያነሳ፣ እርጥብ ኖራ ላይ እየተከለ ሥዕል ያወጣል። ሮም ውስጥ ይህ ሙያ እንጀራ ነው። ቱሪስት የጥንት ሮማውያንን ወለል አይቶ ሲያበቃ ቁራሹን ይዞ መሄድ ያምረዋላ። ጂኖም ከሳህን ውኃ የሚጠጡ ርግቦችን እየሠራ ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ ደረሰ። «ርግብ ሠርቼ ሠርቼ ክንፍ ሊያበቅለኝ ነው» ይል ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው ከተርሚኒ ጀርባ በተከራየው ምድር ቤት፣ ቦቴጋዬ በሚለው የሥራ ክፍሉ ውስጥ ነው።

ሙያው የወረደው ከአባታቸው ነው ማለት ይቻላል። አባታቸው ኒኮላ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ገብቶ የፒያሳን ግማሽ ቤት ሊሾና ቴራዞ ሲያለብስ የኖረ ጣሊያናዊ ነበር። ከእናታቸው ከስንዱ ጋር ሁለቱን ልጆች ወለዱ። ደርግ መጥቶ የወለል መሥሪያውን ሲወርስበት ኒኮላ ልጆቹን ይዞ ወደ ሮም ለመመለስ ቆረጠ። ልጆቹ በአባታቸው ስም ፓስፖርት ነበራቸው። ስንዱ ግን ጋብቻው ዛሬ ነገ ሲባል ኖሮ አንዲት ወረቀት አልነበራትም። «ወረቀቴ ሲያልቅ እከተላችኋለሁ» ብላ ቀረች። ወረቀቱ ሳያልቅ ዕድሜዋ አለቀ። ሲለዩዋት ጂኖ ድምፁ መጎርነን የጀመረ ጎረምሳ፣ ካርሜላ ደግሞ ጫማዋን ማሰር ገና ያልቻለች ልጅ ነበሩ።

የወለሉ ነገር የተጀመረው በአንድ እሑድ ነው። የቫቲካን ሙዚየም በወሩ መጨረሻ እሑድ በነፃ ያስገባል፤ በነፃ የሚባል ነገር ባለበት ደግሞ ሰልፍ አለ። ጂኖ እህቱን ከኦስቲያ በጠዋት ባቡር ጠርቶ፣ በፀሐይ አቁሞ፣ በመጨረሻ አንድ ወለል ፊት አደረሳት። ካርሜላ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ መጥረጊያው የት ነው የሚል ነበር። የዓሣ አጥንት፣ የዶሮ እግር፣ የሸርጣን ጥፍር፣ የለውዝ ቅርፊት፣ የተጋጠ የወይን ዘለላ ወለሉ ላይ ተበትኗል። አንዲት አይጥ ሳትቀር ወዲያ ጥግ ላይ ቅርፊት ትቆረጥማለች።

«ድንጋይ ነው እኮ፣ ካርሚ» አላት ጂኖ። «ሁሉም ድንጋይ ነው። የአንድ ሀብታም ግብር ቤት ወለል ነበር። ተጠርጎ ታጥቦ ሲያበቃ እንኳ ግብዣው አሁን የተበተነ ይመስላል። ጥላቸውን እይው፤ እያንዳንዷ አጥንት ጥላ አላት።»

«ታጥቦ የማይጠራ ነገር ላይ ነው ገንዘባቸውን ያፈሰሱት?» አለች ካርሜላ።

ጂኖ አልሳቀላትም። ዓይኑን ጠበብ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወለሉን ሲያይ ቆየና፣ «የእማዬ ወለል እንዲህ ነበር የቆየው» አላት።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባት። በኢዮቤልዩው ዓመት እትዬ ማክዳ የምትባል የአዲስ አበባ ጎረቤታቸው ለንግደት ሮም መጥታ ነበር። እሷ ናት የነገረቻቸው። መንገደኛ እንደወጣ ቤት አይጠረግም፤ ዱካው ይጠረጋል ይባላል። ስንዱም የስንብቱን ምሳ አብልታ፣ ልጆቿን የያዘው መኪና ከግቢ ከወጣ በኋላ መጥረጊያ አላነሳችም። «ልጆቼ መድረሳቸውን ሳልሰማ ይህን ወለል የሚነካ አይኖርም» አለች። የዚያን ጊዜ ደግሞ ወሬ እንደ ዛሬው በኪስ አይገኝም። ቴሌግራሙ ዘገየ። ጎረቤት ቢለምን፣ ንስሐ አባት ቢቆጣ፣ ጉንዳን ተሰልፎ ቢገባ እንኳ ሴትዮዋ እሺ አላለችም። የልጆቿን ፍርፋሪ እየተሻገረች ነበር የምትገባ የምትወጣው።

«ያንን ወለል እሠራለሁ» አለ ጂኖ ከሙዚየሙ ሲወጡ። «ዓይኔ ሳይከዳኝ።»

እዚህ ላይ ካርሜላ ለጊዜው አልተከራከረችም። የጂኖ የዓይኑ መሃል እየደበዘዘ ሄዷል። ሐኪሙ ዳር ዳሩ ይቀርልሃል፣ መሃሉ ግን ይሄዳል ብሎታል። ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሳለ ጆሮውን እንጂ አፍንጫውን የማያይበት ቀን እየመጣ ነው። ሞዛይክ ሠሪ ያለ ዓይን መሃል ምን ይሠራል?

በየሳምንቱ ከኦስቲያ እየመጣች ቦቴጋው ውስጥ ከጎኑ መቀመጥ ጀመረች። መጀመሪያ የመጣችው ልታስተወው ነበር። «አሎራ፣ እንግዲህ እናታችንን አሁን በሞተች በስንት ዘመኗ ባለ ቆሻሻ ቤት ልታደርጋት ነው?» ብላ አፋጠጠችው። እሱ ግን መልስ እንደመስጠት፣ «ከፓፓ ወንበር ሥር የወይኑ ቡሽ ነበር ወይስ አጥንት?» ብሎ ስለ አባታቸው ጠየቃት። «ቡሹማ ኪሱ ነበር፤ ፓፓ ቡሽ መቼ ይጥላል!» አለች፤ በቃ፣ ተያዘች።

ከዚያ በኋላ ያሳለፉት ወራት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ካርሜላ ሮም ከገባች ወዲህ ያሳለፈቻቸው ምርጥ ወራት ናቸው። ወንድምና እህት ስለ አንድ የብርቱካን ልጣጭ ሙሉ ቀን ተጨቃጨቁ። እሱ መንደሪን ነው ሲል፣ እሷ በዚያ ወር መንደሪን የለም ስትል፣ በመጨረሻ ብርቱካን እንዲሆን ተስማሙ። የዶሮው አጥንት መጣ፤ የእንቁላሉ ቅርፊት መጣ። ፓፓ ያለ ፓስታ ምሳ አይሆንልኝም ስላለ ከዶሮው ወጥ ጎን ስፓጌቲ ቀርቦ ነበር፤ ከሱ የወደቀች አንዲት ክር ተጠቅልላ ከጠረጴዛው እግር አጠገብ ተተከለች። የካርሜላ የተፈታ ጫማ ማሰሪያም መጣ። ጂኖ እያንዳንዱን ነገር ሲጨርስ ጥላ ይሠራለት ነበር። ጥላውም ወደ በሩ ነው፤ የዚያን ቀን ፀሐይ በመስኮቱ በኩል ነበረችና። ካርሜላም በዚያ ጥላ ላይ ዓይኗ ሲያርፍ የቤታቸው ጠረን፣ የሰም ቀለሙና የእርጥብ ስሚንቶው ጠረን ይመጣባት ነበር። አዲስ አበባ እንዲህ ናፍቋት አያውቅም። የናፈቃት ከተማው ሳይሆን ያ ክፍል ነው፤ ከዚያ ክፍልም ያ ወለል።

ወለሉ እየሞላ መጥቶ በመጨረሻ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። በጠረጴዛው ራስ፣ ከእማዬ ወንበር ሥር።

«እዚህስ?» አላት ጂኖ። «እኔ ከማዶ ስለነበርኩ አላየሁም። አንቺ ጠረጴዛ ሥር ተደብቀሽ አልነበረም? መኪናው ጥሎሽ እንዲሄድ።»

«አላስታውስም» አለች ካርሜላ።

«የፓፓን ቡሽ ያስታወስሽ ሴት?»

«አላስታውስም አልኩህ።»

ታስታውሳለች። ከዚያ ቀን ያን ያህል የምታስታውሰው ሌላ ነገር የለም።

በዚያ ምሳ ላይ ሁሉም ስንዱን ያጎርሳት ነበር። አባታቸው ያጎርሳታል፣ ካርሜላ ታጎርሳታለች፣ ከሁሉም ይልቅ ጂኖ በጎረምሳ እጁ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ እየጠቀለለ ያጎርሳታል። ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ፣ አስጨነቃት። የሚያጎርስ እጅ መመለስ ነውር ነው፤ የሚለይን ልጅ እጅ ደግሞ ማን እናት ትመልሳለች? ስንዱ አንዱንም አልመለሰችም። አፏን ከፍታ ትቀበላለች፣ ትስቃለች፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ድገመኝ እንጂ» ትለዋለች፤ እሱም ይደግማል። ካርሜላ ግን ጠረጴዛው ሥር ተደብቃ ሌላ ነገር አየች። የእናቷ እጅ በነጠላዋ ጫፍ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ወረደ። ተከፈተ። ጉርሻው ከወንበሩ ሥር ወደቀ። እጁ ወደ ላይ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ወረደ። እናቷ አልበላችም። አንዱንም መዋጥ አልቻለችም። ኋላ ላይ ጎንበስ ብላ የካርሜላን ዓይን ከታች አገኘችው፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከዚያም ቀና አለችና ከጠረጴዛው በላይ ሳቋ ተሰማ።

ካርሜላ ለማንም አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው፣ ሆዷም ሲፈጀው ኖረ። ምክንያቱም የእናታቸው መርዶ ሮም ሲመጣ ያንን ቤት ያቆመው የጂኖ አንድ ቃል ነበር። አባታቸው በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ሲያለቅስ፣ ያ ጎረምሳ አጠገቡ ተቀምጦ፣ «ፓፓ፣ እማዬ እኮ ከእጄ በልታ፣ ጠግባ፣ እየሳቀች ነው የሸኘችን» አለው። አባትየው በዚያ ቃል ተጽናና። ጂኖም ያንን ቃል እንደ ውርስ ይዞ ቀረ። በሠርጉ ቀን ተናገረው፤ በየገናው ምሳ ይናገረዋል። ሚስቱ ስትታመምም በማንኪያ እየመገባት፣ «እናቴም ከእጄ ነው የበላችው» ይላት ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው፣ ዓይኑ ሊጠፋ ባለበት ሰዓት፣ ይህንንም ልንጠቅህ ይባላል? ባይባል ደግሞ የመጨረሻ ሥራው መሃሉ ባዶ ሆኖ ሊቀር ነው።

ጭንቅ ሲመጣ ካርሜላ የምትሄደው አባ ፍቅረ ማርያም ዘንድ ነው። ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣት መነኩሴ ናቸው፤ ሮም የሚማሩት ላቲን ነው፣ የሚያጠኑትም የጥንት ሮማውያን ስለ ዓለም ጉድና ድንቅ የጻፉትን። ተርሚኒ አጠገብ ያለ የሐበሻ ባር ውስጥ አገኘቻቸው።

«አባ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር። ኑዛዜ አይደለም።»

«ኑዛዜ ካልሆነማ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ መስማት እችላለሁ» አሉ አባ።

ነገረቻቸው። ምሳውን፣ እጁን፣ ጣቱን፣ የጂኖን ወለል፣ ምንም አላስቀረችም። አባ ኩባያቸውን እያዞሩ ሰሟትና ምክር ይሰጡኛል ስትል ወሬ ጀመሩ።

«ይኸውልዎ እትዬ ካርሜላ፣ እኔ የማነበው ሰውዬ ያላለው የለም። ከግብጽ በታች፣ ወደ እኛው ግድም፣ ራስ የሌላቸው ሰዎች አሉ ይላል። ዓይናቸውም አፋቸውም ደረታቸው ላይ ነው ብሎ ጽፏል።»

«ዓይኑ ደረቱ ላይ የሆነ ሰውስ እኔም አውቃለሁ» አለች ካርሜላ ጂኖን እያሰበች።

«ስለ እኛ ራስ እንዲህ የቀጠፈ ሰው ስለ መጥረጊያ ግን እውነቱን ተናግሯል። እንግዳ ከማዕድ ሲነሳ ወለል መጥረግ ክፉ ምልክት ነው ይላል።»

ካርሜላ ኩባያዋን አስቀመጠች። «ሮማውያን ናቸው እንዲህ የሚሉት?»

«ሮማውያን። ከማዕድ የወደቀው የሙታን ድርሻ ነው የሚሉም ነበሩ ይባላል። ያ የሙዚየሙ ወለልም ለዚሁ ታስቦ ሳይሠራ አይቀርም። እኔን የሚገርመኝ ግን አገልጋዮቹ ናቸው። ንጹሕ ወለል ሲወለወል ያበራል። ያ ወለል ግን በተወለወለ ቁጥር ይበልጥ የሚደምቀው ቆሻሻው ነው። ለፍተው ለፍተው ውጤቱ ያ ነው።» አባ ቀና ብለው አዩዋት። «እርስዎስ ይህን ነገር ስንት ዘመን ሲወለውሉት ኖሩ?»

ካርሜላ ተናደደች። ቄስ ምክር ሲጠይቁት ጥያቄ ይመልሳል፣ እሱን ሲጠይቁት ደግሞ ላቲን ይመልሳል እያለች ወጣች። ንዴቷ ግን ባቡር ጣቢያ ድረስ እንኳ አልዘለቀም። ሰውየው ልክ ናቸው። አልነካሁትም ብላ የያዘችውን ነገር በየምሽቱ ስትወለውለው ነው የኖረችው። ያቺን እጅ የጂኖን ፊት ከምታስታውሰው ይልቅ አጥርታ ታስታውሳታለች።

ቢሆንም በሚቀጥለው ሳምንት ይዛ የሄደችው እውነቱን አልነበረም። ባቡሩ ላይ ውሸት ስታሰናዳ ነው የሄደችው፤ ቆንጆ፣ የማይጎዳ ውሸት።

ጂኖን ሥራው ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘችው። የከሰዓቱ ብርሃን በጠባቧ መስኮት ገብቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። አሁንማ ድንጋዩን የሚያየው አንገቱን ወደ ጎን ጠምዝዞ፣ በዓይኑ ዳር ነው።

«መጣሽ? ነይ እይው። ያቺ ቦታ እንዲሁ ባዶዋን አፈጠጠችብኝ። ከሁሉም ቦታ የእማዬ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቅር?»

«ትዝ አለኝ» አለች ካርሜላ። «የብርቱካን ልጣጭ ነበር።»

የጂኖ ፊት በራ። «ብርቱካን?»

«ብርቱካን። ከምሳው በኋላ ልጣ የጣለችው።»

«እይውልኝ እንግዲህ! ያን ሁሉ ከእጄ በልታ፣ ብርቱካን ደረበችበት ማለት ነው። ጠግባ ነበር ስላችሁ!» አለና ብርቱካንማ ድንጋዮቹን ከሣጥኑ አወጣ። አንዱን በወረንጦ አነሳ፣ ወደ ዓይኑ ዳር አቀረበ፣ እርጥቡ ኖራ ላይ ተከለው። ሌላ አነሳ። እያፏጨ ነው የሚሠራው።

ካርሜላ ቆማ አየችው። ውሸት በአፍ ሲነገር ይረሳል፣ ይስተካከላል፣ አንድ ቀን ተሳስቼ ነው ይባልበታል። ይህ ግን ድንጋይ ነው። ሊደርቅ ነው። የእናቷ እጅ ያን ያህል ጊዜ የወረደው፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ መቻል፣ በአንድ የብርቱካን ልጣጭ ሊከደን ነው። ለወንድሟ አዝናለሁ ስትል እናቷን ልትጠርጋት ነው። ሰው ሁሉ ሲለምናት ያንን ወለል ያላስጠረገች ሴት ነበረች።

«ተው» አለች። «ጂኖዬ፣ ተው። ብርቱካን አልነበረም።»

እጁ አየር ላይ ቆመ።

«ጉርሻ ነበር።»

«የምን ጉርሻ?»

«ያንተ። የእኔም፣ የፓፓም። ሁሉም እዚያ ነበር። በነጠላዋ ሸፍና ታወርደው ነበር። አልዋጥልሽ አላት፣ ጂኖዬ።»

ጂኖ ወረንጦውን አስቀመጠ። አጠገቡ ያለውን በርጩማ በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ከውጭ የባቡር ጣቢያው ድምፅ ማጉያ ስለሚዘገይ ባቡር ሲናገር ይሰማል።

«ስትስቅ ሰምቻታለሁ እኮ» አለ በመጨረሻ።

«እኔም ሰምቻታለሁ። ሳቋ ከጠረጴዛው በላይ ነበር፤ እጇ ከታች።»

«በሠርጌ ቀን ስናገር አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ፓፓ አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ...» ቃሉን አልጨረሰውም።

«ዝም በይ አለችኛ። ጣቷን እዚህ አድርጋ» አለች ካርሜላ፣ የራሷን ከንፈር እየነካች። ማልቀስ አልፈለገችም፤ አለቀሰች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት አይደለም። እሷ ሲያመልጣት በደንብ ታውቋታል። ወንድሟን ገደልኩት ብላ አሰበች። የቆመበትን ምሰሶ ነው የነቀልኩበት ብላ አሰበች። ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣም፣ ተንበርክካ እግሩን ልትይዝም አማራት፤ ሁለቱንም አላደረገችም።

 ጂኖ ጎንበስ አለና ያስቀመጣቸውን ብርቱካንማ ድንጋዮች አንድ ባንድ ነቅሎ አወጣ። የነቀለበትን ኖራ በጣቱ አለሰለሰው። ድምፁ ሲወጣ የሠራተኛ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ቅርጹን ንገሪኝ። እንደተጠቀለለ ነበር ወይስ ተፈትቶ?»

«እንደተጠቀለለ።»

«ሙሉውን ነበር ወይስ የተነከሰ?»

ካርሜላ ዓይኗን ጨፈነች። ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። እጁን ብቻ ነበር ስታይ የኖረችው። አሁን ግን ወረድ ብላ የወደቀውን አየችው።

«ጥርስ አርፎበታል» አለች። «አልቆረጠችውም፤ ግን ጥርሷ አርፎበታል። ሁሉም ላይ።»

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

ጂኖ ራሱን ነቀነቀ። «አሎራ፣ አፏ ገብቷል ማለት ነው።»

«ገብቷል።»

«ቀምሳዋለች።»

«ቀምሳዋለች፣ ጂኖዬ።»

ተነስቶ የበርበሬ ቀለም ያለውን ድንጋይ ሣጥን በዳሰሳ አወጣው። ከጎኑ ግራጫውንና ቡናማውን አሰለፈ። የጉርሻውን ገላ መትከል ጀመረ፤ እሱስ ለዓይኑ ትልቅ ነው፣ አላስቸገረውም። የመጀመሪያውን ጨርሶ የጥርሱ ምልክት ጋ ሲደርስ ግን ወረንጦው ሳተ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ሳተ። የሩዝ ፍሬ የማይሞሉ ነጫጭ ድንጋዮች ናቸው፣ እነሱን የሚያይ የዓይን መሃል አልቀረለትም። ወረንጦውን ለካርሜላ ዘረጋላት።

«እኔ? ድንጋይ ነክቼ አላውቅም።»

«ያየሽው አንቺ ነሽ። ትከይው።»

ተንበረከከች። በኦስቲያ የባሕር ዳርቻ ምግብ ቤት ኩሽና ስትሠራ ያለቀው ጉልበቷ ጮኸ፣ አልሰማችውም። የመጀመሪያዋን ነጭ ድንጋይ ተከለች፤ ከዚያ ሁለተኛዋን ከጎኗ አስጠግታ ልትተክል ስትል ጂኖ እጇን ያዛት።

«ክፍተት ተዪ» አላት። «መሃሉ ላይ።»

«ለምን?»

«እማዬ ፍንጭት ነበረች እኮ።»

ካርሜላ ይህን ረስታው ነበር። የእናቷን እጅ ብቻ ያን ሁሉ ዘመን በልቧ ይዛ ፊቷን ጥላው ኖራለች። ወንድሟ እጇን እንደያዘ ሁለተኛዋን ድንጋይ ራቅ አድርጋ ተከለች፤ እናቷም ሳቀችላት።